መኪናው ሲተኩስ፦ ለሸበትን ሾፌሮች

መሪ ይዘን የሸበትን ወንድሞቼ፣ ይህን የምናገረው ለእኛው ነው። ወጣቶቹ እኛን እያዩ ስለሚማሩ ጥፋቱም እርማቱም ከእኛ ይጀምራል። ነዳጅ ሲረገጥ «ጧ! ጧ!» የሚል መኪና ላይ ሰው ጭነን፣ «ቤንዚኑ ቆሽሾ ነው፣ ይለቀዋል» እያልን ዳገት የምንወጣ ብዙዎች ነን። አይለቀውም። ያ ድምፅ ሲሊንደር ውስጥ ሥራውን ሊሠራ የሚገባው እሳት ከቦታው መውጣቱን ይናገራል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ካገደ ወዲህ፣ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና ይዘን መቆየታችን አይቀርም። ባረጀ ቁጥር ደግሞ ገመዱም የጎማ ቱቦውም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ይህ ሕመም ከእንግዲህ ይበረታል እንጂ አይቀንስም።

በመጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለዩ። ከፊት፣ ከኮፋኖው ሥር ከተኮሰ ብዙ ጊዜ ነዳጅ አንሶታል። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚቃጠል፣ የማስገቢያው ባልቮላ ዳግም ሲከፈት እሳቱ ገና አልጠፋም፤ አዲስ የሚገባውን ድብልቅ አግኝቶ ወደ አየር ማጣሪያው ይተኩሳል። የነዳጅ ፊልትሮ ተደፍኖ፣ ፖምፓ ደክሞ፣ የካርቡራቶር ቀዳዳ ቆሽሾ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ አየር እያስገባ ሊሆን ይችላል።

ከኋላ፣ ከማርሚታው ከተኮሰ ደግሞ ሳይቃጠል ያለፈ ቤንዚን በጋለው ቱቦ ውስጥ ተቀጣጥሏል። ያን ጊዜ ካንዴላውን፣ የካንዴላ ገመዱን፣ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳንና ኮይሉን ጠርጥሩ። ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው ሰላም ሆኖ ዳገት ላይ ብቻ ሲተኩስ «ሞተሩ ጤነኛ ነው» ብላችሁ አትታለሉ። ነዳጅ ጠበቅ ተደርጎ ሲረገጥ የሲሊንደሩ ግፊት ይጨምራል፤ ብልጭታው ያን ግፊት ለማለፍ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። የደከመ ኮይልና የተሰነጠቀ ገመድ የሚጋለጡት እዚያ ላይ ነው።

ካንዴላውን ፍቱና ጫፉን እዩት። ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አንሷል ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል፤ በቤንዚን ከረጠበ ብልጭታ አላገኘም፤ ዘይት ከቀባው ሕመሙ ጠለቅ ያለ ነው። ማታ በጨለማ ኮፋኖውን ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ፤ ገመዱ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ አልቆለታልና ይቀየር። በእጃችሁ ግን እንዳትነኩት። ገመድ ነቅሎ የመለሰ ሰው ካለም ቅደም ተከተሉን አረጋግጡ፤ በላዳም ሆነ ባለ አራት ሲሊንደሩ ኮሮላ 1-3-4-2 ነው። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ታይሚንጉን፣ ቀጥሎ የባልቮላ ክፍተቱንና ኮምፕሬሽኑን አስለኩ።

ቪትዝና መሰሎቹን የምትነዱ ደግሞ የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ። ኮምፒውተሩ ፒ 0301 ካለ አንደኛው ሲሊንደር እየሳተ ነው፤ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ግን አልነገራችሁም። የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው አቀያይሩ፤ ኮዱ ወደ ፒ 0302 ከዞረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ኮዱን አስጠፍቶ ብቻ ከጋራዥ የሚወጣ ሰው ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ እንደሚፈታ ነገ መንገድ ላይ ያየዋል።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ ልምጣ። ከመካከላችን አየር ማጣሪያውን አንስቶ በሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን ወደ ካርቡራቶር አፍ የሚያንቆረቁር አለ። ወንድሞቼ፣ ይህ እሳት መጥራት ነው። ወደ ላይ የሚተኩሰው ነበልባል ጠርሙሱን የያዘውን እጅ፣ ከዚያም ፊትን ያገኛል። ረዳቶቻችን ይህን ከእኛ ተምረው ሲሠሩት እያየን ዝም ካልን ለሚደርሰው ቃጠሎ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

ሁለተኛው፣ የሚተኩስ መኪና ካታላይዘር ካለው ያልተቃጠለው ቤንዚን እዚያ ገብቶ ይነድዳል። ሙቀቱ ውስጡን አቅልጦ የጭሱን መውጫ ሊደፍን ይችላል። በአጨዳ ወራት ገጠር ወርዳችሁ እንዲህ የጋለ መኪና ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ላይ ብታቆሙ የገበሬውን የዓመት ልፋት ልታነዱት ትችላላችሁ።

ገንዘብ የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። ካንዴላና ገመድ ግን ከሞተር ይረክሳሉ፣ ሞተርም ከሰው ነፍስ ይረክሳል። እንግዲህ ቃሌ ይኸው ነው፦ የሚተኩስ መኪና ምክንያቱ እስኪታወቅ ተሳፋሪ አይጫንበት፤ መጠገኛው እስኪገኝም ይቁም።