አጣጥሎ መግዛት፣ አጋንኖ መሸጥ

አሮጌ ሳንቲም መሰብሰብ ኃጢአት አይደለም። ታሪክ ወዳድ ሰው ጠገራ ብር ገዝቶ ቢያስቀምጥ ማንም አይነቅፈውም። የምንቃወመው በዚህ ስም የሚሠራውን ማታለል ነው።

አንዲት እናት ተቸግረው ከወላጆቻቸው የወረሱትን ጠገራ ለሽያጭ ያወጣሉ እንበል። ዋጋውን የሚያውቀው ገዢ፣ “እማማ፣ ይሄ እኮ ተራ ብረት ነው” ብሎ በትንሽ ገንዘብ ይወስደዋል። በማግስቱ ለሌላ ሰብሳቢ፣ “1780 ይላል፤ ከ240 ዓመት በላይ የቆየ ብርቅ ነው” ብሎ ያቀርበዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመቶ 83 እጁም ንጹሕ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ በ1780 ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት ለብዙ ዘመን ተመትቷል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ዕድሜውን አያስረዳም።

“ንግድ ነው፤ በዕውቀቴ ነው ያተረፍኩት” የሚል ወንድም አይጠፋም። በዕውቀት ማትረፍ ተገቢ ነው። የባልንጀራን አለማወቅ ተጠቅሞ በውሸት መውሰድ ግን ስርቆት ነው። ሲገዛ የሚያጣጥለውን፣ ዞር ሲል የሚኩራራውን ሰው ምሳሌ 20፥14 አጋልጦታል።

ጌታችን ዲናሩን አሳዩኝ ብሎ የማን መልክ እንዳለበት ጠየቀ (ማቴ. 22፥20)። በጠገራው ላይ ያለው የንግሥት መልክ ነው። በእኚያ እናት ላይ ያለውስ የማን ነው? የእግዚአብሔርን መልክ አቃልለን የንግሥቲቱን በመስታወት ሣጥን ብናስቀምጥ ምን ይጠቅመናል?

ወገኖች፣ ዋጋውን ካወቅን ለሻጩ እንንገረው። አታልሎ የወሰደም እንደ ዘኬዎስ ይመልስ (ሉቃ. 19፥8)። ጌታ ከመጎምጀት ይጠብቀን። አሜን።