የኮሪያ ዘማች ሜዳሊያ ስም ይቀረጽበት

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ወደ ኮሪያ ስለዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ ስለ ቃኘው ሻለቃ፣ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለኮሪያ ዘማቾች የሰጠውን ሜዳሊያ «ለሁሉም የታደለ» ብለው ማለፋቸው ግን አልተዋጠልኝም።

እርግጥ መስፈርቱ ቀላል ይመስላል። እ.ኤ.አ. ከጁን 27 ቀን 1950 እስከ ጁላይ 27 ቀን 1954 በኮሪያ ወይም በአካባቢዋ 30 ቀን ያገለገለ፣ ቀኖቹ ባይከታተሉም እንኳ፣ ይሸለማል። የመጨረሻው ቀን ተኩስ አቁሙ ከተፈረመ ድፍን አንድ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ ላይ ሲታኮስ ያደረውም፣ ጦርነቱ ከበረደ በኋላ የደረሰውም ደረታቸው ላይ ያለው አንድ ነው፤ መኮንኑም ተራው ወታደርም እንደዚያው። ይህ ትክክል ነው እላለሁ። ለጀብዱማ የአሜሪካን ሲልቨር ስታር የተሸለሙ የቃኘው ልጆች አሉ። ቁስለኛ የተሸከመውንና ስንቅ ያመላለሰውን ከተኳሹ ማን ያበላልጣል?

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። የአባቴ ሜዳሊያ ፊቱ ላይ በወይራ ዝንጣፊ የተከበበ የዓለም ካርታ አለ፤ ጥብጣቡ 17 ሰማያዊና ነጭ መስመሮች አሉት፤ ጽሑፉ በአማርኛ ነው። ለየአገሩ ወታደር በየቋንቋው መጻፉ የሚያስመሰግን ነው። ጠርዙን ዙሪያውን ብታገላብጡት ግን ልሙጥ ነው፤ ስም የለበትም። ካናዳ ለወታደሮቿ ስትሰጥ ስማቸውን ጠርዙ ላይ አስቀርጻለች። መስፈርቱም መልኩም ማንንም ካልለየ፣ አንዱን ዘማች ከሌላው የሚለየው ስሙ ብቻ ነው።

የተሰዉት ስማቸው ቡሳን ባለው የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ሰፍሯል። በሕይወት የተመለሱትስ? ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀበት ዘመን ሜዳሊያውን የደበቀ ቤት ጥቂት አይደለም። ዛሬ ባለቤቶቹ አብዛኞቹ አርፈዋል፤ አንዳንዱ ሜዳሊያ አሮጌ ዕቃ ሻጭ መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ የማን እንደነበር የሚናገር የለም።

ስለዚህ ልጆችና የልጅ ልጆች አንጥረኛ ዘንድ ወስደን የዘማቹን ስም ከነአባቱ፣ ማዕረጉንና በስንተኛው ቃኘው ሻለቃ እንደዘመተ እናስቀርጽ። ሰብሳቢዎች «ከተነካ ዋጋው ይወርዳል» ይላሉ። ይወርድ ይሆናል፤ እኛ ግን ልንሸጠው አይደለም የያዝነው። እናንተም ከየቤተሰቡ የሚመጣላችሁን የተሸላሚዎች ስም ዝርዝር በየእትማችሁ ብታወጡልን፣ የአባቴን ስም ከነማዕረጉ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

የኮሪያ ዘማች ልጅ
ከአዲስ አበባ