ለምታጠኑት ነገር ቦታ ስጡት

የተወደዳችሁ ልጆች፣ ከመካከላችሁ «የእኔ ጭንቅላት ትምህርት አይዝም» የሚል አለ? እንዲህ የሚል ልጅ ጥያቄ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፤ ጓደኞቹ ሲሥቁበትም ያፍራል፤ ውሎ አድሮም ከትምህርቱ ይቀራል። ይህ በጣም ያሳዝናል። በእኔ አሳብ ይህ ልጅ የጐደለው ጭንቅላት ሳይሆን የአጠናን ዘዴ ነው። ዘዴውን ደግሞ ማንኛውም ልጅ ሊማረው ይችላል።

ዘዴው ምንድን ነው? የምናጠናውን ነገር በደንብ በምናውቀው ቤት ውስጥ፣ በየቦታው በአሳብ ማስቀመጥ ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሲሴሮ የተባለ የሮም ሰው ከጌታ ልደት በፊት በ55 ዓመት በጻፈው መጽሐፍ፣ ሲሞኒደስ ስለሚባል የግሪክ ባለቅኔ ይተርካል። ሲሞኒደስ ግብዣ ላይ ሳለ ሰዎች ጠሩትና ወደ ውጭ ወጣ። ወዲያው የቤቱ ጣራ ተደርምሶ በውስጥ የነበሩትን ገደላቸው። ሬሳቸውንም መለየት አልተቻለም። እርሱ ግን እያንዳንዱ የት ተቀምጦ እንደነበር በዓይነ ልቡናው እያየ፣ ማን ማን እንደሆነ ለዘመዶቻቸው ነገራቸው። ከዚህም የተነሣ ቦታን የሚያስታውስ ሰው በቦታው የነበረውንም እንደሚያስታውስ አስተዋለ ይባላል።

እስቲ እኛም እንሞክረው። በኦሪት ዘፀአት ከምዕራፍ 7 እስከ 12 በግብፅ ላይ የወረዱት 10 መቅሠፍቶች ተጽፈዋል። አሁን በአሳባችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ። የውጭውን በር ስትከፍቱ ደም እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ ይህ 1ኛው ነው። በደፉ ላይ ጓጉንቸሮች ተከምረው እግር ማሳረፊያ የለም፤ ይህ 2ኛው ነው። ወንበሩን ስታራግፉ አቧራው ቅማል ይሆናል፤ ይህ 3ኛው ነው። የመሶቡን ክዳን ስታነሡ የዝንብ መንጋ ይወጣል፤ ይህ 4ኛው ነው። በአልጋው ላይ የሞተ በሬ ተጋድሟል፤ ይህ 5ኛው የከብቶች እልቂት ነው። ከምድጃው የሚቦነው አመድ የነካውን ሁሉ ያቆስላል፤ ይህ 6ኛው ነው። ሙሴም የበተነው የምድጃ አመድ እንደነበር አስታውሱ። በረዶውን፣ አንበጣውን፣ ጨለማውንና የበኵር ልጆችን ሞት ደግሞ እናንተው በሌሎች አራት ቦታዎች አስቀምጧቸው።

ሥዕሉ የሚያስቅ ወይም የሚያስደነግጥ ሲሆን ቶሎ አይረሳም። መንገዱን ሳትለውጡ በየቀኑ አንድ ጊዜ በአሳባችሁ ተመላለሱበት።

ይህን የምላችሁ እንዲያው በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት፣ በማስታወስ ችሎታቸው የታወቁ 10 ሰዎች ተመርምረው ነበር። በአእምሮ ብስለታቸው ከሌላው ሰው የተለዩ ሆነው አልተገኙም፤ ከ10ሩ 9ኙ ግን በዚህ ዘዴ ይጠቀሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተራ ሰዎች ዘዴውን በቀን ግማሽ ሰዓት ለ40 ቀናት ተለማመዱ። ከልምምዱ በፊት ከ72 ቃላት መካከል በአማካይ ከ30 የማይበልጡትን ብቻ ያስታውሱ ነበር። ከልምምዱ በኋላ ግን ከ60 በላይ ማስታወስ ቻሉ።

ስለዚህ ልጆች፣ ያልያዘለትን ጓደኛችሁን አትሣቁበት። ከጎኑ ተቀምጣችሁ «ወደ ቤታችሁ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከዚያም ከበሩ ጀምራችሁ አብራችሁት ግቡ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ይህ ዘዴ የሚረዳው በተራ የሚቆጠረውን ነገር ለመያዝ ነው። ውዳሴ ማርያምንና ዳዊትን ቃል በቃል ለማወቅ እንደ አብነት ተማሪዎች ከመምህር አፍ እየሰሙ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ ደጋግሞ ማለት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በተራ መቁጠር ማወቅ ማለት አይደለም። 10ሩን መቅሠፍቶች ሳይሳሳት የሚቆጥር፣ ነገር ግን ለምን እንደወረዱ የማያውቅ ልጅ፣ ቤቱን በእህል ሞልቶ ሳይበላ የሚያድርን ሰው ይመስላል። እንግዲህ በቃላችሁ ከያዛችሁ በኋላ መጽሐፉን ገልጣችሁ አንብቡ፤ ያልገባችሁንም መምህራችሁን ጠይቁ። ደህና ሁኑ።