የሩም ድርጎና የድጎማ ሒሳብ

ሃይዳ የተባለችው የካናዳ የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ2003 ሃሚልተን ከመግባቷ በፊት አራት አሥርት ዓመታት ያህል መቀመጫዋ የቶሮንቶ ሐይቅ ዳርቻ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደ ሃይዳ ባሉ መርከቦች ላይ ያገለገሉ ካናዳውያን ባሕር ላይ ሳሉ ከደመወዛቸው ሌላ በየቀኑ ሩም ይሰፈርላቸው ነበር። የቀድሞው ቤተ መንግሥታችን ለሠራዊትና ለእንግዳ የሚሰፍረው ቀለብ «ድርጎ» ይባል ነበርና ቃሉ ለዚህም መጠጥ ይስማማል። የሩም ድርጎ ታሪክ ስለ መጠጥ ከሚነግረን ይልቅ፣ መንግሥት ለዘመናት ሲሰጥ የኖረውን ነገር እንዴት እንደሚያነሳ የሚያስተምረን ይበልጣል።

ልማዱ ከብሪታንያ የተወረሰ ነው። በ1731 የወጣው ደንብ ቢራ በማይገኝበት ጉዞ ለአንድ መርከበኛ በቀን ግማሽ ፓይንት ጠንካራ መጠጥ ፈቀደ። ሩሙ የሚወጣው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ካለሙት የካሪቢያን ሸንኮራ ነበር። ስካር ስለበዛ አድሚራል ኤድዋርድ ቬርነን በ1740 መጠጡ በውኃ ተበርዞ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲታደል አዘዘ።

ኋላ ግን መንግሥት ከትእዛዝ ወደ ልውውጥ አለፈ። በ1824 ድርጎው በግማሽ ሲቀነስ ደመወዝ ተጨመረ፤ ሻይና ካካዎም ተሰጠ። በ1970፣ ውስብስብ መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ሰው ቀትር ላይ ሩም መጠጣቱ አደገኛ ነው ተብሎ፣ ፓርላማም ከተከራከረበት በኋላ፣ ድርጎው ጁላይ 31 ቀን ቀረ። በምትኩ ለመርከበኞች መርጃ የሚውል ፈንድ 2.7 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀበለ። አንዳንድ መርከበኞች ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው አዘኑ፤ ለውጡ ግን ጸና። ካናዳም በ1972 ተከተለች።

ጎጂ ለሆነ ነገር ካሳ ይገባልን? የሚል ሊኖር ይችላል። ካሳው የተከፈለው ግን ለመጠጡ አልነበረም። ድርጎው የኑሮና የደመወዝ ክፍል ሆኖ ነበር፤ ያለ ምትክ ማንሳት ደመወዝ ከመቁረጥ አይለይም።

ይህ ፍሬ ነገር ስለ አገራችን ድጎማ ለምንመክር ሁሉ ይጠቅማል። ነዳጅ እንደ ሩም ጎጂ አይደለም፤ ድጎማው ግን እንደዚያ ድርጎ ከኑሮ ስሌት ውስጥ የገባ ነበር። ኢትዮጵያ ከጁላይ 2022 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ስታነሳ፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች የተለየ ድጎማ አስቀርታለች። አካሄዱ ትክክል ነበር፤ በቂ ግን አልነበረም። የነዳጅ ዋጋ ከታክሲ ታሪፍ አልፎ እህል በሚያጓጉዘው መኪና በኩል እስከ ጓዳ ይደርሳልና። የበጀት ጉድለትን የሚያሰላ ባለሙያ ሁሉ፣ ድጎማው የሚነሳበትን ቀን ከመቁረጡ በፊት፣ ምትኩ ምን እንደሆነና ለማን እንደሚደርስ በዚያው ሰነድ ላይ ሊጽፍ ይገባል።