«ነጻ» ጌም ስንት ያስከፍላል?

ሰሞኑን መሳቢያ ውስጥ የተረሳ የድሮ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ስከፍተው አንድ የማውቀው ጌም አገኘሁበት፤ ጋላክሲ ኦን ፋየር 2። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ሰበታ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በሜሞሪ ካርድ ያመጣልኝ ነው። ስልኩ ሲም ካርድ የለውም፣ ዋይፋይም አላገናኘሁትም። ጌሙ ግን ተከፈተ። መንኮራኩሬ ያኔ ያቆምኳት ጣቢያ ላይ ናት፤ የሰበሰብኩት ገንዘብም አልጎደለም። አሁን በምይዘው ስልክ ላይ ካሉት ጌሞች ውስጥ ከአስር ዓመት በኋላ እንዲህ ተከፍቶ የሚጠብቀኝ ይኖር ይሆን? አይመስለኝም።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ጋላክሲ ኦን ፋየርን የሰራው የጀርመን ሀምቡርግ ከተማው ፊሽላብስ የተባለ ድርጅት ነው። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2005 በጃቫ ለሚሰሩት ባለ ቁልፍ ስልኮች ወጣ። ሁለተኛው በ2010 ለአይፎን ተለቀቀ፣ ቀጥሎም ወደ አንድሮይድ መጣ። ታሪኩ ቀላል ነው። ኪዝ ማክስዌል የተባለ ተዋጊ መንኮራኩሩ ተበላሽቶበት 35 ዓመት ወደፊት ይወረወራል። በማያውቀው ዘመን ከባዶ ተነስቶ ይነግዳል፣ ማዕድን ያወጣል፣ ይዋጋል።

የጌሙ ትልቁ ጥንካሬ ውጊያው አይደለም፤ ገበያው ነው። ከ20 በላይ የኮከብ ሥርዓቶች አሉ፣ የዕቃ ዋጋ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከረከሰበት ገዝተህ ከተወደደበት ትሸጣለህ። ሱሉልታ ላይ የተገዛ ወተት እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሲገባ ዋጋው የሚለወጠው በምን እንደሆነ የገባኝ ኢኮኖሚክስ ከመማሬ በፊት እዚህ ጌም ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የመንኮራኩሯ ጭነት ቦታ የተወሰነ ነው። ማዕድን ከሞላሃት ሌላ ሸቀጥ አትጭንም። ዩኒቨርሲቲ ገብተን «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» ሲባል ክፍሉ ውስጥ ብዙ ሰው ግራ ሲጋባ እኔ ትዝ ያለኝ ያቺ ጠባብ መጋዘን ናት።

መንገዱም የኛን ሰፈር ይመስላል። ከአንድ የኮከብ ሥርዓት ወደ ሌላው ለመሄድ መጀመሪያ መዝለያ በሩ ወዳለበት ጣቢያ መድረስ ግድ ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ናቸው። ሦስቱም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ግን ከቡራዩ ሱሉልታ ያለች ጓደኛችሁን በታክሲ ልጠይቅ ብትሉ ያው አዲስ አበባ ገብታችሁ መውጣታችሁ ነው። ጌሙ ውስጥ በኋላ ላይ ከየትም ወደ የትም የሚያዘልል ካዶር የሚባል ሞተር ይገኛል። እኛ እሱን ገና እየጠበቅን ነው።

ድክመቱንም ልናገር፤ ትዝታ ዓይን ይሸፍናል። ውጊያው ቶሎ ይደጋገማል። ጠላት ከኋላህ ይዞራል፣ አንተም ከኋላው ትዞራለህ፣ ሁለታችሁም እንደ አዙሪት ትሽከረከራላችሁ። የጎን ተልዕኮዎቹ አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው፤ ዕቃ አድርስ፣ ሽፍታ ግደል፣ ሰው አጅብ። ጣቢያዎቹ ስማቸው ይለያይ እንጂ የአንድ ዘር ጣቢያ ሁሉ ውስጡ አንድ ዓይነት ነው። ፕላኔቶቹ ከሩቅ ያምራሉ፤ ማረፍ ግን አይቻልም። ማዕድን ማውጣቱም መጀመሪያ ያዝናናል፣ በሃያኛው ድንጋይ ላይ እጅ እጅ ይላል። ለዘንድሮ ልጅ ብሰጠው በግማሽ ሰዓት ውስጥ «ሌላ የለህም?» ቢለኝ አልቀየመውም።

ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚመዝን አንድ ነገር አለው፤ ተጫዋቹን አያሳድደውም። ታሪኩን ለመጫወት ዳታ አይጠይቅም። «ዛሬ ካልገባህ ሽልማትህ ያመልጥሃል» አይልም። ስትፈልግ ትገባለህ፣ ስትፈልግ ትወጣለህ።

ቀጣዩ ክፍል ይህን ተወው። ጋላክሲ ኦን ፋየር 3 ማንቲኮር እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሲወጣ ማውረዱ ነጻ ሆነ፣ ግዢው ወደ ጌሙ ውስጥ ገባ። ምስሉ ከበፊቱ በጣም ያምራል። እኔ የምወደው ንግድ ግን ጠፋ፤ ጌሙ የአጫጭር ተልዕኮዎች ሰንሰለት ሆነ። የሚገርመው፣ ያው ጌም በ2018 ለኒንቴንዶ ስዊች ሲመጣ አንዴ የሚከፈልበት ሆኖ፣ የውስጥ ግዢው ተነስቶለት ተሸጠ። የስልክ ተጫዋች ግን በነጻ መንገድ ላይ ቀረ።

«ነጻ ከሆነ ምን አስጨነቀህ?» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እናስላው። ዛሬ ስልካችን ላይ ያሉት ብዙዎቹ ነጻ ጌሞች ማስታወቂያ አይታችሁ ሽልማት እንድትወስዱ ይጋብዛሉ። በቀን 10 ማስታወቂያ፣ እያንዳንዱ 30 ሰከንድ ቢሆን፣ 5 ደቂቃ ነው። በዓመት ከ30 ሰዓት ያልፋል። እሱም የሚታየው በራሳችሁ የዳታ ፓኬጅ ነው። ለቤት የታክሲ ሒሳብ ቆጥሮ የሚወጣ የሰበታ ተማሪ ለማስታወቂያ ነጋዴ ዳታ እየገዛለት ነው ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ያገኘው መሣሪያ ደግሞ ኩባንያው ሰርቨሩን የዘጋ ዕለት አብሮ ይጠፋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

እዚህ ጋ ግን ራሴን መጠየቅ አለብኝ። አንዴ ተከፍሎበት የሚያዝ ጌም ይሻላል እያልኩ እየሰበክሁ ነው። እኔስ ለጋላክሲ ኦን ፋየር 2 ስንት ከፈልኩ? ምንም። በሜሞሪ ካርድ መጣ፣ በዜንደር ለስድስት ልጆች አደልኩት። የሞባይል ቤት ልጆችም በዚያ ዘመን ጌም ጭነው ብር ሲቀበሉ ሀምቡርግ የሚደርስ ሳንቲም አልነበረም። ፊሽላብስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ኪሳራ አስመዘገበ፤ ኋላ ኮክ ሚዲያ የተባለ ኩባንያ ወሰደው። የኛ ስድስት ስልክ ነው ያከሰረው አልልም። ግን ሁሉም እንደኛ ካደረገ የሚተርፈው ሻጭ ማስታወቂያ የሚሸጠው ብቻ ነው። የምንጠላውን ገበያ በከፊል የሠራነው እኛ ነን።

በእርግጥ መክፈልም ብንፈልግ መንገዱ ዝግ ነበር። ሥራ ጀምሬ አንድ ጌም በሥርዓት ልግዛ ብዬ የባንክ ካርዴን ባስገባ ተቀባይነት አላገኘም። ዶላር የሌለው ሰው ሐቀኛ ልሁን ቢል እንኳ አይችልም።

አሁን ግን ሰበቡ እየሳሳ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። አስር ብርም ሆነ ሃምሳ ብር ቡራዩ ሱቅ በር ላይ ቆመን እንልካለን። ቅኔ የተባለው የአገራችን ድርጅት ኩኩሉንና ገበጣን ሠርቶ አሳይቶናል፤ ከኋላውም ብዙ ወጣት ፕሮግራመሮች እየመጡ ነው። ለእነሱ ያለኝ ምክር አንድ ነው፦ የውጪዎቹን «ነጻ» መንገድ አትቅዱ። በአንድ ማኪያቶ ዋጋ አንዴ ሽጡልን፣ ያለ ዳታ ይሥራ፣ የገዛነው የኛ ይሁን። ያን ጊዜ እኛም በዜንደር ከማደል እጃችንን እንሰብስብ። ዋጋው ማኪያቶ ከሆነ፣ «ላክልኝ» ለሚል ጓደኛ መልሱ «ግዛ» ነው።

ይህ ካልሆነ የሚሠሩት ልጆች ሁለት ምርጫ ይቀራቸዋል፤ ወይ እንደ ፊሽላብስ መክሰር፣ ወይ የታናናሾቻችንን ሰዓት ለማስታወቂያ መሸጥ። እኔ የድሮ ስልኬን አጥፍቼ ወደ መሳቢያው መልሼዋለሁ። መንኮራኩሬ ጣቢያው ላይ ቆማለች፤ መቼም ብመለስ እዚያው አገኛታለሁ። ታናሽ ወንድሜም አንድ ቀን እንዲህ የሚመለስበት ጌም ቢኖረው ደስ ይለኛል፤ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የተሠራ፣ የተከፈለበት።