ለሙት ድንኳን፣ ለሕያው ጓዳ

በየዓመቱ መጋቢት 12 የዳውን ሲንድረም ቀን ነው፤ መጋቢት 24 የኦቲዝም። ኅዳር ውስጥ ደግሞ የአካል ጉዳተኞች ቀን አለ። አዳራሽ ይከራያል፣ ካናቴራ ይታደላል፣ የክብር እንግዳው አንድ ሰዓት ዘግይተው ይመጡና ንግግር ያደርጋሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሳል። ቀኖቹን አልጠላም። መጋቢት 12 የተመረጠበት ምክንያት እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የሦስተኛው ወር 21ኛ ቀን ስለሆነ፣ 21ኛው ክሮሞዞም በሁለት ፈንታ ሦስት መሆኑን ያስታውሳል። የእኔ ጥያቄ መጋቢት 13ስ? የሚል ነው። ካናቴራው ከታጠበ በኋላ ያ ልጅ የት ይውላል?

«ምን እናድርግ፣ አቅም የለንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። መንግሥት እንዲህ ሊል ይችላል፤ በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት ራሱ በአንቀጽ 41 ጉዳተኞችን እረዳለሁ ሲል የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ብሎ ነው። እኛ የሰፈር ሰዎች ግን ይህን ስንል ውሸታችንን ነው።

እኔ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። መዝገብ ስይዝ 11 ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ የምናገረው በእጄ ስለቆጠርኩት ንብረት ነው። ሁለት ድንኳን፣ 300 ወንበር፣ አግዳሚ፣ ሰው የሚያስቀምጥ የሚያህል ብረት ድስት፣ ሰሃንና ብርጭቆ፣ የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ባንክ ውስጥ ገንዘብ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ጥሩምባ ነፊ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ድንኳን የሚቀመጥበት ማኅበር ነው። በአንድ ሌሊት ድንኳን ተክሎ ሁለት መቶ ሰው የሚያበላ ሕዝብ አቅም የለኝም ቢል ማን ያምነዋል? ይህ ሁሉ ንብረት በወር ከአራትና ከአምስት ቀን በላይ አይሠራም። የቀረውን ቀን የሚገለገልበት አይጥ ነው።

ከንብረቱ የሚበልጠው ግን መዝገቡ ነው። በየትኛው ቤት ስንት ነፍስ እንዳለ ወረዳው እንኳ የእኛን ያህል አያውቅም። በዚህ መዝገብ ስማቸው ሰፍሮ መንገድ ላይ ታይተው የማይታወቁ ሰዎች አሉ። ለቅሶ ሲደረስ የጓዳው በር ይዘጋል፤ ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ለቀስተኛው እንዳልሰማ ይሆናል። ጨዋነት መሆኑ ነው! (ድሮ «ዘገምተኛ» ይባሉ ነበር፤ ዛሬ «የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው» ይባላል። ቃሉ ታርሟል፤ በሩ እንደተዘጋ ነው።)

ለምን ይደበቃሉ ቢባል፣ የእግዜር ቁጣ ነው የሚለው አሮጌ ወሬ ዛሬም አልሞተም። ቁጣ? እስቲ ጨውን እንመልከት። አዮዲን ያነሳት እርጉዝ የምትወልደው ልጅ አእምሮው ሊጎዳ እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል። ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስከተነሳበት እስከ 1990 ድረስ ከአሰብ ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን ነበረው። መንገዱ ሲዘጋ ፊታችንን ወደ አፍዴራ አዞርን፤ አብዛኛው ሰውም ለብዙ ዓመታት አዮዲን የሌለው ጨው ሲበላ ኖረ። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ነው። እንግዲህ በነዚያ ዓመታት በተጎዱት ልጆች ላይ የተቆጣው ማን ነው? ምጥ ሲጠናባት አዋላጅ ያጣችውና ልጇ አየር አጥሮት የተወለደባት እናትስ ማንን አስቆጥታ ነው?

በእድራችን 29 ዓመት መዋጮ ሳያቋርጡ የከፈሉ እናት አሉ። ባላቸው የሉም። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጃቸው 34 ዓመቱ ነው። አንድ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጃቸውን አውጥተው ተነሡ። «እኔ ስሞት ትቀብሩኛላችሁ፤ ሣልስቴ ሲወጣ ድንኳኑን ትነቅላላችሁ። ልጄን ለማን ትተዉት ይሆን?» አሉ። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደሉም። መልሳቸው ግን «እማማ፣ እድር እኮ ለሞት ነው» የሚል ነበር። ጉባኤው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

እድር ለሞት ነው? በ1990ዎቹ ኤድስ ሰፈሩን ሲያራግፈው፣ ካዝናው በቀብር ብዛት ሲራቆት፣ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች የታመመውን መጠየቅና ማስታመም፣ እናት አባት ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። ያኔም እድር ለሞት ነው ያለ አልጠፋም፤ ግን ተረታ።

የሕግ ሰዎች ፍርድ ቤት ሞግዚት ይሾማል ይሉኛል። እውነት ነው፤ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ መንገዱ አለ። ሞግዚቱ የቤቱን ካርታና የባንክ ደብተሩን ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ አብሮ ቡና የሚጠጣ ሰው ግን በፍርድ ቤት አይሾምም።

ማዕከል ይግባ የሚሉም አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ በ1994 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ ስለ ኦቲዝም የሚናገር እምብዛም ባልነበረበት ዘመን ስለ ልጃቸው በአደባባይ ተናገሩ፤ እስኪያርፉ ድረስም አልተኙም። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በወላጆች ጥረት የቆመ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ባለባት ከተማ ግን እንዲህ ያሉ ማዕከሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ተራ ጠባቂው ብዙ ነው። ለመሆኑ 34 ዓመት የሞላውን ጎልማሳ የትኛው ክፍል ያስገቡታል?

የምጠይቀው ትንሽ ነው። አዳራሹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይከፈት። ልጆቹም ጎልማሶቹም ይምጡ፤ ቡና ይፈላ፤ ከበሮ ይመታ፤ እናትም ለሁለት ሰዓት ገበያ ደርሳ ትመለስ። እድሩ ሰሃን የሚያጥብና ወንበር የሚደረድር ሰው በገንዘብ ይቀጥራል፤ ከነዚህ አንዱ ቢሆን ምን ይጎድልበታል? የእኚያ እናት ልጅ አንድ ለቅሶ ላይ ማንም ሳይጠራው ገብቶ ወንበር ደርድሯል። መስመሩ በገመድ የተለካ ይመስል ነበር፤ የተዛነፈ ወንበር ካየ ሳያቀና አያልፍም። ቀኑን ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ንፍሮ ሲቆረጥም ዋለ። አንዲት ሴትዮ «ይኼ ልጅ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ከቤቱ ሦስት በር አልፋ የምትኖር ሴትዮ።

ሌላው መተዳደሪያ ደንቡ ላይ የሚጨመር አንድ አንቀጽ ነው። አባል ሲሞት እንዲህ ያለ ልጅ ትቶ እንደሆነ አባልነቱ ለልጁ ይተላለፍ፤ መዋጮውን እድሩ ይሸፍን፤ ጉባኤው ሦስት ጎረቤቶችን በስም መርጦ በየሳምንቱ ቤቱን እንዲያዩ ያድርግ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። በመዝገባችን እንዲህ ያሉ አራት ቤቶች አሉ፤ የአራቱ የዓመት መዋጮ ቢደመር ባለፈው ክረምት ለድንኳን ጥገና ካወጣነው ያንሳል።

ረቂቁን ለሥራ አመራሩ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በወጣው አጀንዳ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር፣ ከሰሃን ግዥ ቀጥሎ ተቀምጧል። እኚያ እናት እንደሚመጡ ነግረውኛል። ዘንድሮ ልጃቸውን ይዘው ነው።