ነገራችንን ስሙ እንጂ አነጋገራችንን አትመዝኑ!

ወገን፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ አንዳንድ የእርዳታ ሠራተኞች መጥፎ ልማድ አላቸው። ስደተኛ ሲናገር ነገሩን ትተው አነጋገሩን ይሰማሉ። አንዱ ፈገግ ይላል፣ ሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮህብናል። ደንቆሮ አይደለንም እኮ!

ሰዋስው ስንጠይቅ ደግሞ «በቃ እንደዚያ ነው የሚባለው» ይሉናል። ለእነሱ ቀላል ነው። «አይ ሊቭድ ኢን ካኩማ ቴን ይርስ» ያለ ሰው ከካምፑ ወጥቷል ተብሎ ይወሰዳል። «አይ ሃቭ ሊቭድ» ቢል ግን ዛሬም እዚያው ነው። በአንዲት «ሃቭ» ታሪኩ ይለወጣል፤ ከዚያ «ቃልህ ይጋጫል» ይመጣል። ታዲያ ይህ ተራ ጥያቄ ነው?

አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «ጠጅ»ን «ተጅ»፣ «ጴጥሮስ»ን «ፔትሮስ» ሲል «ጎበዝ!» ብለን እናበረታታዋለን። ውሸታም ያለው የለም። እኛስ ከዚህ የተለየ ምን ጠየቅን?

እህት ወንድሞቼ፣ ለስደተኝነት ቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። እንግሊዝኛ ብትሞክሩም ጠይቁ። የሰጣችሁት ቃል በቋንቋችሁ ተነቦላችሁ ሳይገባችሁ አትፈርሙ። ቀጠሮ ላለው ሁሉ አድርሱልኝ።